አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር እና ሽለላ

አምስተርዳም ውስጥ ባዶ ቤት ሰብሮ ገብቶ ለመኖር ለረጅም ዘመን የሚያስፈልገው ዕቃ ሦስት ነበር፦ አልጋ፣ ጠረጴዛና ወንበር። ቀልድ አይደለም። የኔዘርላንድስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ማንም የማይኖርበት ቤት ውስጥ መግባት የሰው መኖሪያ መድፈር አይደለም ብሎ ፈረደ። ቤቱ ውስጥ የሚኖር ከሌለ የተደፈረም የለም ነው ነገሩ። የገባው ሰው ደግሞ አልጋ ዘርግቶ፣ ጠረጴዛ አቁሞ፣ ወንበር ስቦ ከተቀመጠ አሁን ነዋሪው እሱ ነው። ባለቤቱ በጉልበት ሊያስወጣው አይችልም፤ ፍርድ ቤት ሄዶ መከራከር አለበት። እናም ወጣቶቹ ቁልፉን ይሰብራሉ፣ ሦስቱን ዕቃ ያስገባሉ፣ ፖሊስ መጥቶ ያያል፣ ይመዘግባል፣ ይሄዳል።

ስለ ሙዚቃ ሊወራ የቤት ሕግ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል ይኖራል። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዚሁ ነው። ማንም የማይገዛውን፣ ሬዲዮ የማያጫውተውን፣ ጎረቤት ሲሰማው ግድግዳ የሚደበድብበትን ሙዚቃ የሚሠራ ሰው ከተሰጥኦ በፊት የሚያስፈልገው ክፍል ነው። ሰፊ ክፍል፣ ኪራዩ የማያስጨንቅ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ከበሮ ቢመታ ማንም የማይመጣበት። አምስተርዳም ደግሞ በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነት ክፍል ሞልቷት ነበር። የተዘጉ መጋዘኖች፣ ሥራ ያቆሙ ፋብሪካዎች፣ ነጋዴ ዋጋ እስኪወጣ ብሎ ቆልፎ ያስቀመጣቸው ፎቆች። በሌላ በኩል ቤት አጥቶ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ብዙ ነበር።

በ1980 ነገሩ ፈነዳ። ማርች 3 ቀን ፎንደልስትራት በሚባለው መንገድ የተሠራውን የድንጋይ አጥር ለማፍረስ ከተማው ታንክ አስገባ። ሰላም ባለበት አገር፣ ዛፍና ቦይ መሐል፣ ታንክ! በኤፕሪል 30 ደግሞ ቤያትሪክስ በነገሠችበት ቀን «ቤት ከሌለ ዘውድም የለም» የሚል መፈክር የያዙ ሰዎች ከፖሊስ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲፋለሙ ዋሉ።

ዘ ኤክስ የሚባለው ባንድ የተወለደው ከዚህ ግርግር አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1979 ነው። ስማቸውን የመረጡት ግድግዳ ላይ በቀለም ለመርጨት ስለሚያጥር ነው፤ ፖሊስ ሳይደርስ ያልቃል። ማን ምን መሣሪያ እንደሚጫወት በዕጣ ነው የለዩት ይባላል። መጫወት አይችሉም ነበር፣ መጫወት እስኪችሉም አልጠበቁም። ከአምስተርዳም በስተሰሜን ባለችው ቮርመር በምትባል የፋብሪካ ከተማ አካባቢ ኖረው ሠርተዋል፤ የዚያች ከተማ ወረቀት ፋብሪካ ሲዘጋ በ1983 ስለ ፋብሪካውና ስለ ሠራተኞቹ አራት ትንንሽ ሸክላዎችን በአንድ ሳጥን አሳተሙ። ሸክላቸውን ራሳቸው ያሳትማሉ፣ መኪናቸውን ራሳቸው ይነዳሉ፣ ድግሳቸውን ራሳቸው ይነጋገራሉ። እንዲህ ሲሉ ከአርባ ዓመት በላይ ኖሩ።

የከተማዋ ጆሮ ግን ከእነሱ በፊት ተከፍቶ ነበር። ፒያኒስቱ ሚሻ ሜንግልበርግ፣ ከበሮ መቺው ሃን ቤኒንክና ሳክስፎኒስቱ ቪለም ብሩከር በ1967 አይ.ሲ.ፒ. የሚባል የሙዚቀኞች ማኅበር አቋቋሙ። መድረክ ላይ ወጥተው የሚጫወቱትን እዚያው እየፈጠሩ የሚጫወቱ ነበሩ። ቤኒንክ ከበሮው ሲበቃው ወለሉን ይመታል፣ ወንበሩን ይመታል፣ እግሩን ከበሮው ላይ ሰቅሎ ድምፁን ያጥፈዋል። ሜንግልበርግ ከበቀቀን ጋር የተጫወተውን ቀድቶ አሳትሟል፤ በእውነተኛ በቀቀን ማለት ነው። በኖቬምበር 17 ቀን 1969 ደግሞ ይኸው ሜንግልበርግና ሌሎች ወጣት አቀናባሪዎች በከተማዋ ትልቁ የሙዚቃ አዳራሽ፣ ኮንሰርትገባው ውስጥ፣ ታላቁ ኦርኬስትራ ሊጀምር ሲል በልጆች መጫወቻና በፊሽካ አዳራሹን አተረማመሱት። የጠየቁት ኦርኬስትራው የሞቱ ሰዎችን ሙዚቃ ብቻ መጫወቱን ትቶ በሕይወት ያሉትንም እንዲሰማ ነው። ተጎትተው ወጡ። በዚያው ዓመት ከእነዚሁ ሰዎች መካከል ያሉበት ቡድን ስቴይም የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቤተ ሙከራ አቋቋመ፤ መንግሥትም ገንዘብ ሰጠው። ልብ በሉ፣ ፊሽካ ሲነፉ ተጎትተው የወጡት ሰዎች ናቸው ድጎማ ያገኙት። ይህን የሚያደርግ አገር ብዙ የለም።

ከስቴይም ከወጡት ነገሮች ሁሉ ለማስረዳት የሚቀለው በ1970ዎቹ ሚሼል ቫይስቪስ የሠራው ክራክዶስ የሚባል ትንሽ ሳጥን ነው። በባትሪ ይሠራል፣ የራሱ ድምፅ ማውጫ አለው። ላዩ ላይ ስድስት የብረት ንጣፎች አሉ። ቁልፍ የለውም፣ ኖታ የለውም። ጣትህን ስታሳርፍበት ኤሌክትሪኩ በጣትህ በኩል ያልፋል፤ ዑደቱን የምትዘጋው አንተ ነህ። እጅህ ላብ ካለው ድምፁ ይለወጣል፣ ጠበቅ ስታደርገው ይለወጣል። ይጮሃል፣ ያጓራል፣ ይንጫጫል። በደች ቋንቋ «ክራከን» ማለት መሰንጠቅ፣ መንጣጣት ነው፤ ያው ቃል ደግሞ ባዶ ቤት ሰብሮ መግባት ማለትም ነው። በዚያ ከተማ ሣጥኑም ቤቱም በአንድ ግስ የሚከፈቱ ነበሩ።

እዚህ ላይ ስለ ጩኸት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ሙዚቃ ሲሰማ «ይሄማ ሙዚቃ አይደለም፣ ጩኸት ነው» ይላል፣ ነገሩም ያልቃል። ድንኳን ውስጥ ሠርግ የበላ ሰው ሁሉ ማይክ ሲያፏጭ ሰምቷል። ሽማግሌው ሊመርቁ ይነሳሉ፣ ማይኩን ይይዛሉ፣ ጲ...ይ...ይ! ሕዝቡ ጆሮውን ይይዛል፣ ከሳውንድ ሲስተሙ ጀርባ ያለው ልጅ ይሯሯጣል። የሆነው ነገር ይህ ነው፦ ማይኩ ከማጉያው የሚወጣውን ድምፅ መልሶ ይሰማል፣ ማጉያው ያንን መልሶ ያጎላል፣ ማይኩ እንደገና ይሰማል። ዙሩ በቅጽበት ይከርራል። የኖይዝ ሙዚቀኛ የሚያደርገው ሳውንድ ሲስተም ላይ ያለው ልጅ የሚሸሸውን ነገር አቅርቦ መያዝ ነው። ጊታሩን ወደ ማጉያው ያስጠጋዋል፣ ያርቀዋል፣ ያዘነብለዋል፤ ፉጨቱን እንደ ፈረስ ይገራዋል። አንዳንዴ ፈረሱ ይጥለዋል። የዘ ኤክሱ ጊታሪስት ቴሪ ሄሰልስ ጊታሩን በከበሮ ዱላ ሲመታው፣ ክሮቹ መሐል ብረት ሲሸጉጥበት ላየ ሰው የሚጠግን ነው የሚያፈርስ ለመለየት ያስቸግራል።

ይህ ለሀበሻ ጆሮ እንግዳ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው በገና ቀርቦ ይስማ። በገና አሥር አውታር አለው። በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ በሚያርፉበት ድልድይ መሐል እንዝራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። የእንዝራው ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ የአውታሩን ድምፅ ንጹሕ እንዳይሆን ማድረግ። አውታሩ ሲንቀጠቀጥ ቆዳውን እየነካ ይነዝራል፣ ያ ሁሉም የሚያውቀው ደረትን የሚያንቀሳቅስ ጉርምርምታ ይመጣል። ደርዳሪው እንዝራውን በጥቂቱ ወዲህ ወዲያ እያደረገ ንዝረቱን ይፈልገዋል፤ ካላገኘው አይጀምርም። እንግዲህ ለጸሎት የሚሆነውን መሣሪያ ሆን ብለው የሚያሻክሩ ሰዎች ልጆች «ጩኸት ነው» ብለው ሲያጣጥሉ መስማት ትንሽ ያስቃል። የማሲንቆውም ጭራ ቢሆን ቫዮሊን አልሆንም ብሎ ነው የሚኖረው።

የአምስተርዳሞቹ ልጆች የኢትዮጵያን ሙዚቃ ያገኙት በሁለት በር ነው። አንዱ ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የድሮዎቹን ሸክላዎች እየሰበሰበ ፓሪስ ላይ ያሳተማቸው «ኢትዮፒክስ» የሚባሉት ሲዲዎች። ሁለተኛው በር ግን እዚያው አጠገባቸው ነበር። አምባሳደር ሆና ሳይሆን ስደተኛ ሆና የመጣች ክራር ተጫዋች፣ አሥመራ ላይ ስሟ የገነነ ፀሐይቱ በራኺ፣ ሮተርዳም ውስጥ ትኖር ነበር። ቴሪ የራሱ የሆነች ቴርፕ የምትባል ትንሽ አሳታሚ አለችው፤ በ2004 «ሰላም» የተባለውን የፀሐይቱን ሥራ አሳተመላት። በዚያው ዓመት በወጣው የዘ ኤክስ አልበም ላይ ደግሞ ከበሮ መቺዋ ካተሪና ቦርንፌልድ የምታዜመው የኤርትራ ዜማ አለ። ባቡር ተሳፍረው የሚደርሱባት አገር ውስጥ ያለችን ሴት ለመስማት ፋልሴቶን መጠበቅ አላስፈለጋቸውም። በዚያች ትንሽ አገር ውስጥ ስንት ስደተኛ ባለሙያ አፓርታማው ውስጥ ለግድግዳ ሲዘፍን እንደሚኖር ማሰብ ነው።

በ2002 ባንዱ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ2004ም ተመልሶ መጣ። የመጡት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሊያስተምሩ አይደለም፣ «ፊውዥን» ሊሠሩም አይደለም፤ የራሳቸውን ሊጫወቱ ነው። ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ ለለመደ ተመልካች ጊታሮች እንደ ብረታ ብረት ሲንኳኩ መስማት እንዴት እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ በዚያን ጊዜ ወደ ሰባ ዓመት እየተጠጉ ነበር። የተወለዱት በ1935 ይፋት ነው። ልጅ ሆነው ክራርና ማሲንቆ ነካክተዋል፣ ከዚያ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ገቡ። በ1949 የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን ተቀላቀሉ፤ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። በ1955 ዛሬ ብሔራዊ የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት እዚያ፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ። የሕይወት ታሪካቸው በአጭሩ የዩኒፎርም ታሪክ ነው። የሰዓት ፊርማ፣ የሰልፍ ማርሽ፣ የበዓል ዝግጅት። ከዚህ ሁሉ መሐል ግን አንድ ማንም ያላዘዛቸውን ነገር አደረጉ፤ ሽለላን በሳክስፎን ተጫወቱት።

ሽለላ ምን እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ግን በሙዚቃ ዓይን ብቻ ቢታይ እንዴት ያለ ጉደኛ ነገር እንደሆነ ብዙም አይነገርም። የሚይዘው ምት የለም። ሸላዩ ትንፋሹ እስካለ ይወረውራል፣ ይቆማል፣ ዙሪያውን ያያል፣ እንደገና ይነሳል። ቃላቱ ይጣደፋሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ የሚፈለገውም መሰንጠቁ ነው። ለስላሳ ድምፅ ያለው ሸላይ ማንን ያስፈራል? ጋሽ ጌታቸው ይህን ሁሉ ቃሉን ትተው በነሐስ ውስጥ ነፉት። ድምፁ ሰፊ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ይወጣና እያጓራ ይወርዳል። ጎፈር ደፍተው፣ ቆዳ ለብሰው መድረክ ላይ ሲወጡ አለባበሱ ለትዕይንት ብቻ አልነበረም፤ ሳክስፎኑ በእርግጥም እየፎከረ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፊሊፕስ የሳክስፎን ሥራቸውን በሸክላ አሳተመ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ፋልሴቶ የ«ኢትዮፒክስ» 14ኛ ቅጽ አድርጎ አወጣው።

ያኔ ነው የውጭ ጸሐፊዎች ያበዱት። «የኢትዮጵያው ኦርኔት ኮልማን»፣ «የኢትዮጵያው አልበርት አይለር» ተባለ። ምስጋናው ከልብ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ያበሳጫል። ኮልማን ለዚያ ሙዚቃ ስም የሰጠውን ሸክላ የቀዳው በ1960 ነው። ጋሽ ጌታቸው ሽለላቸውን በሳክስፎን መንፋት የጀመሩት ከዚያ አስቀድሞ ነው፣ ስለ ኮልማንም የሰሙት ነገር አልነበረም። በታሪክ ቅደም ተከተል ከሄድን ኮልማንን «የቴክሳሱ ጌታቸው» ማለት ይቻል ነበር። አይባልም። እንዲህ ያለው ንጽጽር ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚፈሰው።

በ2004 ዘ ኤክስ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዘ። በዓሉ የነበረው ፓራዲሶ በሚባለው፣ ድሮ ቤተ ክርስቲያን በነበረውና ከ1968 ጀምሮ የሙዚቃ ቤት በሆነው አዳራሽ ነው። መጀመሪያ የታሰበላቸው ከአይ.ሲ.ፒ. ኦርኬስትራ ጋር ነበር። ይህ ለሁሉም ትክክለኛው ነገር ይመስላል፤ የጃዝ ሰዎች ናቸው፣ ኖታ የሚያነቡ፣ የሚያደምጡ፣ በዕድሜም የሚቀርቧቸው። ተጫወቱ፣ ጥሩም ነበር።

አዛውንቱ ግን ለራሳቸው ባንድ የመረጡት እነዚያን የጋበዟቸውን ፓንኮች ነው። በሚቀጥለው ሥራዬ ላይ ከእናንተ ጋር መሥራት እፈልጋለሁ ብለው ጥያቄውን ያቀረቡት ራሳቸው ናቸው። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ሲወራ «ፈረንጆቹ አገኟቸው» ተብሎ ነው የሚወራው። አላገኟቸውም። ሃምሳ አምስት ዓመት ከሙዚቀኛ ጋር የኖረ ጆሮ ነው አዳምጦ የለየው።

ለምን እነሱን? ሙዚቃውን ለሰማ ሰው መልሱ የተሸሸገ አይደለም። ሽለላ የሚወረወር ነገር ነው፤ የሚወረወር ነገር ደግሞ የሚያርፍበት ይፈልጋል። ጃዞቹ ጨዋ ናቸው፣ ቦታ ይለቃሉ፣ አዛውንቱ ሲነፉ ዝቅ ይላሉ። ዘ ኤክስ ዝቅ አይልም። የካተሪና ከበሮ ሳይሰለች ይዞራል፣ የአንዲ ሙር ወፍራም ጊታር ከሥር ይፈጫል፣ የቴሪው ከላይ ይቧጭራል። ጋሽ ጌታቸው ይህን ግድግዳ ሲያገኙ እንደ ሰባ ዓመት ሰው አይነፉም። በ2006 የወጣው «ሞዓ አንበሳ» ላይ ይሰማል። ትሮምቦን፣ ክላርኔትና ሌላ ሳክስፎን ጨምረው፣ «ሙዚቃዊ ስልት»ን የመሰለውን ሁሉም የሚያውቀውን ዜማ ሳይቀር ሲያነሱት፣ ዜማው እንዳለ ነው፤ ግን እንደ ሆቴል ሙዚቃ አይተኛም። ጥፍር አብቅሏል። በዚያ አልበም ላይ የሚያስከፋ ነገር ካለ አንዳንድ ቦታ ጊታሮቹ ከሚገባው በላይ መጨናነቃቸው ነው፤ ትዝታ ሲመጣ ትንሽ ትንፋሽ ቢሰጡት ምን ነበረበት ያሰኛል።

አብረው አውሮፓን ዞሩ፣ በ2008 ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ተጫወቱ፣ በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» ወጣ። ጋሽ ጌታቸው ኤፕሪል 4 ቀን 2016 በ81 ዓመታቸው አረፉ። የመጨረሻዎቹ አሥራ ሁለት ዓመታት የማዘጋጃ ቤትም የፖሊስም ባንድ ያልሰጣቸውን ነገር ሰጥተዋቸዋል፤ የሚመጥናቸው ጩኸት።

«ፈረንጅ ካላጨበጨበ የኛ ሰው አይከበርም» የሚለው ሐሜት እዚህም ይነሳል። እውነት አለበት። ግን ነገሩን ገልብጦ ማየትም ይቻላል። ጋሽ ጌታቸውን ያጀቡት ሰዎች በአገራቸውም ቢሆን የተከበሩ አልነበሩም፤ ኮንሰርትገባው አልጋበዛቸውም፣ ቴሌቪዥን አላሳደጋቸውም። ያደጉት በተሰበረ ቤት ውስጥ ነው። ያ ቤት ባይኖር ኖሮ ቴሪ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ጊታር እየፋቀ አይቆይም ነበር፤ በሠላሳ ዓመቱ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ ኪራይ ይከፍል ነበር። ያን ጊዜ «ሞዓ አንበሳ» የሚባል አልበም የለም።

አምስተርዳም ራሷ ይህን የረሳች ትመስላለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከወደቡ አጠገብ ያሉት ትልልቅ መጋዘኖች እየተወሰዱ አርቲስቱ ሲባረር ከተማው ደነገጠና «ብሩድፕላትስ» የሚል ፖሊሲ አወጣ፤ መፈልፈያ ማለት ነው፣ እንደ ዶሮ ጫጩት። ለአርቲስት በርካሽ የሚከራይ ስቱዲዮ ይዘጋጃል፣ አርቲስቱ ፎርም ይሞላል፣ ኮሚቴ ያየዋል። ከምንም ይሻላል። ግን ፎርም ላይ «ለሁለት ዓመት ጊታር በብረት እፍቃለሁ፣ ምን እንደሚወጣ አላውቅም» ብሎ የሚሞላ ሰው ቁልፍ አይሰጠውም። ኦክቶበር 1 ቀን 2010 ባዶ ቤት መያዝን ወንጀል የሚያደርገው ሕግ ጸና፤ እስከ አንድ ዓመት ያስራል። አልጋው፣ ጠረጴዛውና ወንበሩ ዋጋ አጡ። በ2011 መንግሥት ከባህል በጀቱ 200 ሚሊዮን ዩሮ ለመቀነስ ወሰነ። ስቴይም እየከሳ ሄዶ በመጨረሻ ተዘጋ። ኤ.ዲ.ኤም. የሚባለው፣ ሰዎች ከ1997 ጀምሮ ሰፍረውበት የነበረው የቀድሞ መርከብ መጠገኛ ግቢ፣ በጃንዋሪ 2019 በፖሊስ ተለቀቀ።

የቀሩ አሉ። ፎንደል ፓርክ አጠገብ ኦቺ የሚባለው ትንሽ ቤት አሁንም በበጎ ፈቃደኞች ይሠራል፤ ቢራ የሚቀዳው፣ በር ላይ የሚቆመው፣ ወለል የሚጠርገው ሁሉም ያለ ደመወዝ ነው። የቀድሞው የፊልም ትምህርት ቤት፣ ኦ.ቲ. 301፣ በ1999 ተሰብሮ የተገባበት ቤት፣ ነዋሪዎቹ በኋላ ተባብረው ገዝተውታል። የገዛ ተረፈ፣ ያልገዛ ሄደ። ነገሩ እዚህ ላይ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም።

አዲስ አበባ ቤት ሰብሮ መግባት የሚባል ባህል የላትም፣ ቢኖራትም መጨረሻው ይታወቃል። የኛ ርካሽ ክፍል ሌላ ነበር። የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች። ጭቃ ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ ጣራ፣ ከግድግዳ ጋር የተደረደረ አግዳሚ ወንበር። ፈንድቃ ከእነዚህ አንዱ ነበር። መላኩ በላይ ቤት የሌለው ልጅ ሆኖ ነው እዚያ የደረሰው፤ ለሽልማት ብር እየጨፈረ፣ ማታ ባንኮኒ ሥር እየተኛ ዓመታት ኖረ፣ በኋላ ቤቱን ራሱ ያዘው። እንግዲህ አልጋም፣ ጠረጴዛም፣ ወንበርም አንድ ላይ ባንኮኒው ነበር ማለት ነው። ፈንድቃ በእሱ እጅ የአዝማሪ ቤት ብቻ መሆኑን ተወ፤ ሥዕል ተሰቀለበት፣ ግጥም ተነበበበት፣ ጃዝ ተጫወቱበት። ከአምስተርዳም የመጡትም ሰዎች እዚያ ገቡ፤ መላኩና ባልደረቦቹም ከዘ ኤክስ ጋር በውጭ አገር መድረክ ተጋርተዋል። እስክስታ በዚያ ሁሉ የጊታር ብረታ ብረት ላይ! ትከሻ ምት ካገኘ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም።

በ2024 መገባደጃ ካዛንቺስ ፈረሰ። ፈንድቃም ከቦታው ተነሳ። መላኩ መጨፈሩን አላቆመም፤ ስም አለው፣ ወዳጅ አለው፣ የሚጠራው መድረክ አለው። ጥያቄው ስለ እሱ አይደለም። ዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት የሆነው፣ ስም የሌለው፣ ባንኮኒ ሥር የሚተኛው ልጅ የትኛው ባንኮኒ ሥር ይተኛል? ከዚያ በፊትም በጃንዋሪ 2015 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዝ አምባ አብሮ ነደደ። አንዱን እሳት፣ አንዱን ግሬደር። የተለያየ ምክንያት ነው፤ ለሙዚቀኛው ግን ማግስቱ አንድ ነው።

መንገዱ መስፋቱን፣ መብራቱን፣ የእግረኛውን መሄጃ የሚጠላ የለም። በካዛንቺስ ጭቃ ቤት ውስጥ ያለ ሽንት ቤት የኖረ ሰው «ባህል ነው፣ አትንኩት» የሚለውን ከሌላ ሰፈር የመጣ ታዳሚ በክፉ ዓይን ቢያየው አይፈረድበትም። ችግሩ ያለው በአዲሱ ሰፈር ንድፍ ውስጥ ካፌ አለ፣ ባንክ አለ፣ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ ያልተሳካ ነገር የሚሠራበት ክፍል ግን የለም። በአገሩ ላፕቶፕ ይዘው የቤተ ክርስቲያን ዜማና የክራር ድምፅ እየቆራረጡ አዲስ ነገር የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ የጀመረው፣ ሚካኤል ሰይፉና ሌሎችም የገፉት ሥራ ውጭ አገር ታትሟል፣ ተደምጧል። መኝታ ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ የሚሠራ ሙዚቃ ስለሆነ ነው በሕይወት የቆየው፤ ኪራይ አይጠይቅም። ግን የጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ ሰው ፊት ቆሞ አይፎክርም። ጋሽ ጌታቸው ሽለላውን መኝታ ቤት ውስጥ ቢነፉት ኖሮ የሚሰማቸው አከራያቸው ብቻ ነበር፤ እሱም በማግስቱ ቤቱን ልቀቁ ይላቸው ነበር።

የዚህ ከተማ አዲስ ፎቆች ብዙዎቹ ምድር ቤት አላቸው። ወደ ታች ሁለት፣ ሦስት ደረጃ ተቆፍሮ፣ በኮንክሪት ታጥሮ፣ ድምፅ የማያስወጣ፣ ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ የተሠራና ማታ ማታ ግማሹ ባዶ የሚሆን። ዘበኛውም ጨለማው ሰልችቶት ሬዲዮ ከፍቶ ነው የሚያድረው።